ፊልትሮውን አልቦታል

የገንዳ ውሃ ከተማ ሾፌሮች በእኔ ላይ አንድ ቀልድ አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ስሰግድ እንኳ አንድ ዓይኔ ደጅ ያወለቅኩት ጫማ ላይ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰርቆብኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። መሬት አላወረሰኝም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ቃል ግን ጠዋት ማታ እየነገረ አወረሰኝ፤ እኔም ውርሴን ሳላባክን ኖሬአለሁ።

ሥራዬ ጭነት ነው። በቋራ በኩል ካሉት እርሻዎች ሰሊጥ ጭኜ ገንዳ ውሃ አራግፋለሁ። ስመለስ ዱቄት፥ ጆንያ፥ የመጠጥ ውሃ፥ አንዳንዴም ከደጋ ለአጨዳ የመጡ ሰዎች ይዤ እገባለሁ። መኪናዋ የራሴ ናት፤ ከእኔ ጋር አብራ አርጅታለች። የናፍጣ መቁጠሪያዋ ቀስት ከሞተ ዓመታት ስላለፉ ናፍጣዬን የምለካው በሽመል ነው። አንድ ቀጥ ያለ የቋራ ሽመል ቆርጬ በሁለት በሁለት ጣት ልክ በሰንጢ ምልክት ጭሬበታለሁ። ስነሳ ታንኩ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ስደርስ ደግሞ እነክረዋለሁ። ከእርሻው እስከ ገንዳ ውሃ ጭነት ይዤ ስሄድ ሦስት ምልክት ይወርዳል። ከዚያ በላይ ከወረደ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ሽመሉን ከመቀመጫዬ ኋላ እደብቀዋለሁ፤ ልኬን ሌላ ሰው እንዲያውቅ አልፈልግም።

ያን ጊዜ ረዳቴ ከጎጃም፥ ከቡሬ በኩል የመጣ ሰው ነበር። አርባን ያለፈ፥ የሦስት ልጆች አባት ነው። መጀመሪያ የመጣው እንደ ብዙዎቹ ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር። ወቅቱ አልቆ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ፤ ትራክተር መንዳት ለመደ፥ መንጃ ፈቃድ አወጣ፥ ከዚያ እኔ ዘንድ ገባ። ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የሚያያቸው ለፋሲካ ለፋሲካ ብቻ ነው። ዝምተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል። ለፍላፊ የሚደብቀው ነገር ቶሎ ያልቅበታል፤ ዝምተኛ ግን ያጠራቅማል።

የምንጭንለት እርሻ የአንዲት የጎንደር ሴትዮ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ቆላ ድረስ እየወረዱ ምርቱን ያስገባሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በዚያ ዓመት ትራክተር ነጂያቸውን ናፍጣ ሲቀዳ እጅ ከፍንጅ ይዘው አባረውት ነበር። ረዳቴ ቦታውን ለመናቸው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ከሥራው ጋር ደግሞ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች፥ ሚስትና ልጅ የምታስገባ። እትዬ «እናያለን፥ ምርቱ ይግባ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው በዚያች ቤት በኩል ሳያልፍ አይውልም። አንድ ቀን ጭነቱ እስኪሞላ የቤቲቱን በር በሽቦ ሲጠግን አየሁት። ገና ያልተሰጠውን ቤት በር የሚጠግን ሰው ምን ተማምኖ ነው አልኩ በሆዴ።

ኅዳር ሲገባ መኪናዋን አቀበት ላይ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የናፍጣ ፊልትሮዋ ተደፍኗል። አይገርምም፤ ማደያው በሌለው ጊዜ በጀሪካን የምንገዛው ናፍጣ ውስጥ ውሃም አሸዋም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሥራ ለመካኒክ አልሰጥም። መካኒክ አንዱን ቡሎን ሲያጠብቅ ሌላውን ያላላል፥ እንድትመለስለት ብሎ፤ ይህ ሃይማኖቴ ነው። ስለዚህ አዲስ ፊልትሮ ልገዛ ገንዳ ውሃ ወዳለ አንድ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ባለሱቁ ሱዳን፥ ገዳሪፍ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነው፤ አማርኛው ግማሽ ዐረብኛ ነው።

«አስሊ ነው፥ ያ ዞል» አለኝ ካርቶኑን እየገለበጠ። ወዳጄ፥ ዋናው ነው፥ ማስመሰያ አይደለም ማለቱ ነው።

አስሊ ነው ወይ ብዬ መቼ ጠየቅሁት? ሳይጠየቅ የሚምል ሰው መጠርጠር አለበት። ገዛሁት፥ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከመኪናዋ ጎን ቆሜ ከአሮጌው ጋር ሳስተያየው ጥርጣሬዬ እውነት መሰለኝ። ፊልትሮው አፍ ላይ ጎሚኒ አለ፤ ከመቀመጫው ጋር ሲገጥም ናፍጣ እንዳያሾልክ የሚዘጋው ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ነው። የአዲሱ ጎሚኒ ከአሮጌው ቀጠነብኝ። ለካ አሮጌው ለዓመት ናፍጣ ጠጥቶ አብጦ እንጂ አዲሱ አልቀጠነም። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ያልኩት «ይኸው፥ አታልሎኛል» ነው። አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁና በአዲሱ ላይ ደረብኩት።

ረዳቴ ናፍጣ የሚቀበልበትን ጣሳ ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፥ ሁለት ይሆናል እንዴ? እኔ ባየሁት አንድ ነው።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለና ጣሳውን አስጠጋ።

በእጅ ጠበቅ ተደርጎ መተው ያለበትን ፊልትሮ በባለሰንሰለቱ መፍቻ እስኪያቃስት ድረስ አጠበቅሁት። ከዚያ የእጅ ፓምፑን እየጫንኩ አየሩን አስወጣሁ፤ ሞተሩን አስነሳሁ፤ በባትሪ እያበራሁ ዙሪያውን አየሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። በእጄ ሥራ ኮራሁ፥ አልዋሽም።

በሚቀጥለው ጉዞ ሽመሉን ብነክር አምስት ምልክት ወርዷል።

ሁለት ምልክት ናፍጣ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ወቅት በኛ አገር ናፍጣ እንደ ጠበል በጠርሙስ ይለመን ነበር። በመጀመሪያ መሬቱን አየሁ። መኪናዋ በቆመችበት ጠብታ የለም፥ ደረቅ ነው። ያልፈሰሰ ናፍጣ ከጎደለ የቀዳው ሰው አለ ማለት ነው። መኪናዋ አጠገብ ሳልኖር የሚኖረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ምንም አልተናገርኩም። ሌባ ሲነግሩት ይጠነቀቃል። በታንኩ ክዳን ላይ፥ ሰው ከከፈተው እንዲበጠስ፥ ከጆንያ የመዘዝኩትን ቀጭን ክር አሰርኩበት። ስንደርስ ክሩ እንደታሰረ ነው፤ ናፍጣው ግን አምስት ምልክት ወርዷል። እንግዲያው ከታች ነው የሚቀዳው አልኩና የማፍሰሻውን ቡሎን በቀለም ቀባሁት። ቀለሙም አልተነካም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆሞ ያስብ ነበር። እኔ ግን ክሩ ባልተበጠሰ፥ ቀለሙ ባልተፋቀ ቁጥር የሰውዬው ብልሃት ነው እየጨመረ የታየኝ። እንዲያውም ትንሽ አደነቅሁት።

አንድ ቀን ሽንፋን አልፈን ከዛፍ ጥላ ሥር ምሳ ልንበላ እንደቆምን ሞተሩ ዘንድ ሄዶ ተመለሰ።

«ጋሼ፥ ፊልትሮውን አልቦታል» አለኝ።

«በዚህ ሙቀት ያላላበው ማን አለ?» አልኩት። እውነትም የኔ ሸሚዝ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

«እሱስ ነው። ግን እርጥብ ነው፤ ኧረ ይመልከቱት።»

«ፊልትሮውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። እጅህን እንዳታስገባበት።»

ሄጄ ማየት ስችል አላየሁም። ሰውዬው የናፍጣውን መጉደል እንደነቃሁበት አውቆ አስቀድሞ ማመካኛ እያዘጋጀ መሰለኝ። ነገ ስይዘው «ፊልትሮው እያፈሰሰ ነው ብዬዎት አልነበረም?» ሊለኝ ነው። እንዲህ ያለውን ተንኮል ከአባቴ ተምሬአለሁ፤ የመጋዘን ሌባ ከመስረቁ በፊት አይጥ አየሁ ብሎ ያወራል ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ፊልትሮው አላነሳም። ማታ ማታ ግን፥ ስንደርስ፥ እኔ ሳላዘው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ይጠራርግ ጀመር። ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር የሚጠርገው። በዚያው ሰሞን ከሱ መቀመጫ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘሁ። ስጨምቀው ናፍጣ ጠብ አለ። ይኸው ማስረጃ፥ ሲቀዳ የፈሰሰውን የሚያደርቅበት ነው አልኩ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸተው ነበር፤ እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በላይ ናፍጣ እየሸተትኩ እንደምኖር፥ አፍንጫዬም ከለመደው እንደቆየ ትዝ አላለኝም።

እትዬ የጠሩኝ በዚህ ሰሞን ነው። ጆንያው ከተደረደረበት ዳስ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ በእጃቸው እየዘገኑ ያበጥሩ ነበር።

«ያንን ሰውዎን ለትራክተሩ ልይዘው አስቤአለሁ» አሉኝ። «እርስዎ ሰው በቀላሉ እንደማያምኑ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የእርስዎን ቃል የምፈልገው። እጁ እንዴት ነው? የማስረክበው ናፍጣ ነው።»

እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ፥ መልሱን አፌ ላይ ለማምጣት ጊዜ ያልወሰደብኝ መሆኑ ነው።

«እሱን እንኳ እግዜር ይወቅ፥ እትዬ» አልኩ።

ይህ ቃል በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም። ሌባ ነው ብል ኖሮ መቼ፥ የት፥ ማን አየው ይሉኝ ነበር፤ ምናልባትም ክሩና ቀለሙ ትዝ ብሎኝ አፍር ነበር። እግዜር ይወቅ ማለት ግን ምስክር አይጠየቅበትም። ሰሚው የፈለገውን ያህል ይሞላበታል፤ ተናጋሪውም ምንም አላልኩም ብሎ እንቅልፉን ይተኛል። እትዬ እጃቸው ላይ የነበረውን ሰሊጥ ወደ ሰፌዱ መለሱትና «ገባኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጥርጣሬዬን በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ረዳቴን «ዛሬ አንተ ቅርና የተቀደደውን ጆንያ ስፋ፤ እኔ ብቻዬን ደርሼ እመለሳለሁ» አልኩት። ብቻዬን ስሄድ ሦስት ምልክት ብቻ ከወረደ ነገሩ አለቀ።

«እሺ» አለና ወደ ጋቢናው መስኮት ጠጋ አለ። እንደዚያ ፊቱ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም። «ጋሼ፥ እትዬ እርስዎን ጠይቀው እንደሚወስኑ ነግረውኝ ነበር። እርስዎን ከጠየቁማ አለቀ ብዬ ትናንት ለሚስቴ ደወልኩላት። ዕቃ እያሰሩ ነው።»

«ደግ» ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

ያን ቀን መንገድ ላይ አልቆምኩም። ለሽንት እንኳ አልወረድኩም። ገንዳ ውሃ መጋዘኑ በር ላይ ደርሼ ሽመሉን ስነክር አምስት ምልክት ወርዷል። በሸሚዜ ጠርጌ ደግሜ ነከርኩ፤ አምስት ነው። መጀመሪያ የእርሻውን ዘበኛ ጠረጠርኩ፤ ጠዋት ግን ራሴ ለክቼ ነው የተነሳሁት። ከዚያ የመጋዘኑን ሰዎች፤ እነሱ ደግሞ ገና በሩን አልከፈቱልኝም። ሽመሉን ራሱን ጠረጠርኩ፥ አዙሬ አዙሬ አየሁት። የምጠረጥረው ሰው አለቀብኝ።

ጭነቱን አራግፌ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፊልትሮው ርጥብ ነው፤ ጠርጌው ሞተሩን ሳስነሳ ግን፥ ቀስ ብሎ ሲዞር፥ ጠብ የሚል ነገር የለም። ብቻዬን ስለሆንኩ ጋቢና ገብቼ የጋዙን ፔዳል ድንጋይ ጫንኩበትና ሞተሩ ሲያጓራ ተመልሼ መጣሁ። በፊልትሮውና በመቀመጫው መካከል፥ በአንድ በኩል፥ ቀጭን ጉም የመሰለ ነገር ይተፋል። እጄን ሳስጠጋው በናፍጣ ራሰ።

ሁልጊዜ የማየው ሞተሩ ጠፍቶ ወይም እያዘገመ ነበር፤ ያኔ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ አያሾልክም። መንገድ ላይ፥ ጭነት ይዛ ስትጮህ፥ ናፍጣዬን ለሽንፋ አቧራ ስረጭ ከርሜአለሁ። ፊልትሮው ላይ የሚቀረውን ርጥበት ደግሞ ረዳቴ፥ እጅህን አታስገባ ስላልኩት ሳይፈታው፥ ማታ ማታ በጨርቅ ይጠርግልኝ ነበር። እሳት እንዳይነሳ ነው መሰለኝ። ፊልትሮውን ፈትቼ ሳወርደው ሁለቱ ጎሚኒዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተንሸራቶ፥ አዲሱ በመፍቻዬ ኃይል ተጨፍልቆ ተቆርጧል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያው ባለሱቅ ሌላ ፊልትሮ ገዛሁ።

«ያኛውስ?» አለኝ።

«ጠፋብኝ» አልኩት።

«አስሊ ነበር፥ ያ ዞል» አለ እያዘነ።

ይህን ጊዜ በሥርዓቱ ገጠምኩ። በመጀመሪያ ዙሪያውን አቧራ እንዳይገባ ጠረግሁ። አሮጌ ጎሚኒ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በጣቴ ዳሰስኩ። አዲሱን ጎሚኒ፥ አንዱን ብቻ፥ በንጹሕ ናፍጣ ቀባሁት። ፊልትሮውን በእጄ አዙሬ፥ ጎሚኒው መቀመጫውን ሲነካ አንድ ዙር ሳይሞላ ጨመር አድርጌ ተውኩት፤ መፍቻውን ከሳጥኑ አላወጣሁትም። የማስተንፈሻውን ቡሎን አላልቼ የእጅ ፓምፑን ጫንኩ፤ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ ዘጋሁት። ድንጋዩን ፔዳሉ ላይ መልሼ ሞተሩ እያጓራ ነጭ ወረቀት ዙሪያውን አስኬድኩበት። ወረቀቱ ደረቅ ወጣ። ጠቅላላ ሥራው ምሳ እስኪበስል ያለቀ ነው።

በነጋታው እርሻው ዘንድ ስደርስ ከሩቅ የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ እትዬ ዘንድ ሮጥኩ።

«እትዬ፥ ያ ሰው ንጹሕ ነው። ናፍጣውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ፤ ፊልትሮውን አበላሽቼ ገጥሜ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት ከአብደራፊ ሌላ ሰው አስመጣሁ እኮ። ቁልፉንም ቤቱንም ሰጠሁት፤ እሱም ቤተሰቡን ይዞ ነው የመጣው።»

«እኔ እኮ ሌባ ነው አላልኩም ነበር።»

«ቢሉኝማ ጥሩ ነበር፤ አጣራ ነበር። እግዜር ይወቅ ካሉኝ ማንን ልጠይቅ?»

ረዳቴ ጆንያው ክምር ጥላ ሥር በትልቁ መርፌ እየሰፋ ነበር። ትራክተሩ ሲገባ አይቷል፤ ቤቲቱ በር ላይ የሌላ ሰው ሚስት ልብስ ስታሰጣም ይታያል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሽመሉ፥ ስለ ክሩ፥ ስለ ሁለቱ ጎሚኒ። በመጨረሻ እትዬ ምን ብለው እንደጠየቁኝና ምን ብዬ እንደመለስኩ ነገርኩት። መርፌው ጆንያው ላይ እንደተሰካ ቆመ።

«እግዜርማ ያውቃል» አለ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«አሁንስ ናፍጣው ቆመ?» አለኝ።

«ቆመ።»

«ደግ» አለና ክሩን በጥርሱ በጥሶ ተነሳ።

እርሻው ላይ ስልክ የሚይዘው ጆንያው ክምር አናት ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ወጣ። እኔ ከታች ቆሜ ነበር፤ ደጋግሞ ከደወለ በኋላ ድምፁን ሰማሁ።

«አትነሱ፥ ዕቃውን ፍቱት» አለ። ትንሽ አዳመጠ። «ትራክተሩ ተበላሽቶ ነው። የለም፥ ሌላ ነገር አይዶለም፤ ማንም አልበደለኝም። ጋሼማ ብዙ ደከሙልኝ።»

ሰሊጡ እስኪያልቅ አብሮኝ ሠራ፤ ከዚያ ወደ አገሩ ገባ፥ አልተመለሰም። ያን የመጨረሻውን ቃል እኔን ከሚስቱ ሐሜት ሊያድነኝ ነው ያለው፥ ወይስ ከታች ቆሜ እንደምሰማ አውቆ? እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።